እንቅልፍ የለሹ ዘበኛ፦ የሄይምዳል ስም ከአይስላንድ ብራና እስከ እኛ ሰርቨር

አንድ ሰኞ ጠዋት የአንድ ቅርንጫፍ ሠራተኞች በሙሉ ኮምፒውተሩ አላስገባ አላቸው። ፓስወርዱ ትክክል ነው፣ ኔትወርኩ ይሠራል፣ ሰርቨሩም በርቷል። ማንም ግን መግባት አልቻለም። ስልኬ መጮህ የጀመረው ገና ታክሲ ውስጥ እያለሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜና እሁድ መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩም አብሮ ጠፍቷል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ፣ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን ይዛ የምትቆየዋ፣ ከሞተች ሰንብታለች። ስለዚህ ሰርቨሩ ሲነሳ ሰዓቱን ስቶ ተነሳ። አንድ ቅን ባልደረባችን ይህን አየና «ላስተካክለው» ብሎ የእጅ ሰዓቱን ተመለከተ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። 3፡00 ብሎ ጻፈና በሰላም ወደ ሥራው ሄደ።

ገብቷችኋል አይደል? ለእኛ ሦስት ሰዓት የሆነው ለኮምፒውተሩ ዘጠኝ ነው። ሰርቨሩ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ። የሰውን ማንነት የሚያጣራው ሶፍትዌር ደግሞ አንድ የማያወላዳ ሕግ አለው፦ የአንተ ሰዓትና የእኔ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ በላይ ከተለያዩ አላምንህም። የፈለገ ዓይነት ፓስወርድ ብታመጣ አላምንህም።

ይህንን ለማወቅ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። በዚያ መሀል የሶፍትዌሩን ምንጭ ኮድ ከፍቼ ስበረብር አንድ ፎልደር ላይ ዓይኔ አረፈ፦ ሄይምዳል። ሄይምዳል? ያ የማርቭል ፊልም ላይ ያለው፣ ኢድሪስ ኤልባ የተጫወተው፣ ወርቃማ ዓይን ያለው በር ጠባቂ? እሱ እኛ ሰርቨር ውስጥ ምን ይሠራል?

እኔ የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው፤ የታሪክ ሰው አይደለሁም። ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። ሰርቨሩ ከተስተካከለ በኋላም ማታ ማታ ማንበቤን ቀጠልኩ። ያገኘሁት አንድ ስም ብቻ አይደለም። ሰዎች ለዘበኛ ስም ሲያወጡ ምን እንዲጠበቅላቸው እንደሚፈልጉ፣ ማን እንዳይገባ እንደሚፈልጉም ጭምር ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በሰዓቱ ላይ የዓመቱን ልዩነት ደርቤ አላወናብዳችሁም።)

ክርስቲያኖች የጻፉት የአማልክት ታሪክ

ስለ ሄይምዳል የምናውቀው አብዛኛው ነገር የመጣው ከአይስላንድ ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስኖሪ ስቱርሉሶን የሚባል ሰው ነበር፤ ሀብታም፣ ፖለቲከኛ፣ ሕግ አዋቂ፣ ገጣሚ። በ1241 በፖለቲካ ጠብ ምክንያት በገዛ ቤቱ ተገደለ። ከዚያ በፊት ግን፣ በ1220 ገደማ፣ ዛሬ «ኤዳ» ብለን የምንጠራውን መጽሐፍ ጽፎ ነበር።

ስኖሪ ክርስቲያን ነው። አይስላንድ ክርስትናን ከተቀበለች ሁለት መቶ ዓመት አልፏታል። ታዲያ የማያምንባቸውን አማልክት ለምን ጻፈ? ለግጥም ሲል ነው። የድሮዎቹ የሰሜን ገጣሚዎች ነገሩን በስሙ አይጠሩም ነበር፤ እንደ ቅኔ ዞር አድርገው ነው የሚናገሩት፤ ቁልፉ ደግሞ ያለው የአማልክቱ ታሪክ ውስጥ ነው። ታሪኩ ከተረሳ ግጥሙ ይቆለፋል። ስለዚህ ስኖሪ ለወጣት ገጣሚዎች መማሪያ ይሆን ዘንድ ታሪኮቹን ሰብስቦ አስቀመጠ። ባጭሩ፣ ዶክዩሜንቴሽን ጻፈ። ዶክዩሜንቴሽን መጻፍ ለሚያስጠላው ለእኔ ዓይነቱ ሰው ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ደግሞ የግጥሞች ስብስብ ነው። ዋናው ቅጂ በ1270ዎቹ ገደማ የተጻፈ፣ ኮዴክስ ሬጊየስ የሚባል ትንሽ ብራና ነው፤ ዛሬ የቀረው 45 ቅጠል ብቻ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንድ የአይስላንድ ጳጳስ አግኝቶት ለዴንማርክ ንጉሥ ላከው። ሦስት መቶ ዓመት ኮፐንሃገን ቆይቶ በ1971 በባሕር ኃይል መርከብ ወደ አይስላንድ ተመለሰ። በአውሮፕላን መላኩን ማንም አልደፈረም፤ አውሮፕላኑ ቢወድቅ ሌላ ቅጂ የለማ። ባክአፕ የሌለው ፋይል ማለት ይህ ነው።

ዘጠኝ እናቶች ያሉት

እነዚህ ምንጮች ሄይምዳልን እንዲህ ይስሉታል። የአማልክት ዘበኛ ነው። መኖሪያው ሂሚንብዮርግ ይባላል፤ ትርጉሙ «የሰማይ ተራሮች» እንደ ማለት ነው፤ ያለውም የሰማይ ዳር ላይ፣ ቢፍሮስት በሚባለው ድልድይ አጠገብ ነው። ቢፍሮስት እኛ ቀስተ ደመና የምንለው ነው። በስኖሪ አተራረክ ቀስተ ደመና ላይ የምናየው ቀይ መስመር ግዙፋኑ ወደ ሰማይ እንዳይወጡ የሚነድ እሳት ነው።

የሄይምዳል ችሎታ ለዘበኝነት የተሠራ ነው። ከወፍ ያነሰ እንቅልፍ ይበቃዋል። ቀንም ሌሊትም እኩል አርቆ ያያል። ሣር ከመሬት ሲበቅል፣ ፀጉር በበግ ላይ ሲያድግ ድምፁን ይሰማል። ጥርሱ ወርቅ ነው፤ ፈረሱ ጉልቶፕ ይባላል፣ ባለ ወርቅ ጋማ። በእጁ ግያላርሆርን የሚባል ቀንደ መለከት አለ፤ ሲነፋ በሁሉም ዓለማት ይሰማል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ልደቱ ነው። ዘጠኝ እናቶች አሉት፤ ዘጠኙም እህትማማቾች። እንዴት? ማንም አያብራራውም። ስለ እሱ የተገጠመ «የሄይምዳል ድግምት» የሚባል አንድ ሙሉ ግጥም ነበር፤ ጠፍቷል። ስኖሪ ለምሳሌ ብሎ የጠቀሳት ቁራጭ ብቻ ናት የተረፈችው፤ እሷም የምትለው ይህንኑ የዘጠኝ እናቶች ነገር ነው። አንዳንድ ተመራማሪዎች ዘጠኙ እናቶች የባሕር ሞገዶች ናቸው ይላሉ። የስሙ የመጀመሪያ ክፍል «ሄይም» ዓለም ወይም ቤት ማለት ነው፤ ሁለተኛው ክፍል ላይ የቋንቋ ሊቃውንት እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

አሁን አንድ ነገር አስተውሉ። ይህ ዘበኛ መጨረሻው ላይ ጠላትን አያስቆምም። የዓለም ፍጻሜ የሆነው ራግናሮክ ሲመጣ ድልድዩ በጠላት ፈረሶች ሥር ይሰበራል። ሄይምዳል የሚያደርገው ቀንደ መለከቱን መንፋት ነው። አማልክቱን ይቀሰቅሳል፣ ይሰበሰባሉ፣ ይዋጋሉ። እሱም ከሎኪ ጋር ገጥሞ ይገዳደላሉ። ማታ ማታ ተረኛ ሆናችሁ ሲስተም የምትጠብቁ ይህ ይገባችኋል። የማንቂያ ሥርዓት ብልሽትን አይከለክልም፤ የተኛውን ነው የሚቀሰቅሰው። የዘበኛ ሥራ ግንብ መሆን አይደለም፤ በጊዜው መጮህ ነው።

እርጥብ ጀርባ

ከግጥሞቹ አንዱ «የሎኪ ስድብ» ይባላል። አማልክቱ ድግስ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሎኪ ገብቶ አንድ በአንድ ያዋርዳቸዋል። አንዱን በፍርሃቱ፣ አንዷን በአልጋዋ። ተራው ሄይምዳል ላይ ሲደርስ የመረጠው ስድብ ሌላ ዓይነት ነው። በአጭሩ እንዲህ ነው የሚለው፦ አንተ ከድሮ ጀምሮ የተፈረደብህ ክፉ ኑሮ ነው፤ ጀርባህ እየረጠበ ቆመህ ስትጠብቅ፣ እንቅልፍ አጥተህ ትኖራለህ።

ይህን ሳነብ ፊቴ ላይ የመጣው የቅርንጫፉ ዘበኛ ነው። ያን ሰኞ ወደዚያ ስሮጥ መታወቂያዬን ዋናው ቢሮ ረስቼዋለሁ። ክረምት ነው፤ ዝናቡ ያወርደዋል። ጋሼ ካቦርታቸውን ደርበው በሩ ላይ ቆመዋል። ሁለት ዓመት ያውቁኛል፤ ስለ እናቴ ጤና ሁሉ ይጠይቁኛል።

«ልጄ፣ መታወቂያ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ነኝ። ሰርቨሩ ተበላሽቶ ነው፣ ሰው ሁሉ ቆሟል።»

«አንተ መሆንህንማ መች አጣሁት። እዚያው የምትሠራ መሆንህን ግን ዛሬ አላውቅም። አንድ ሰው ይውጣና ይውሰድህ።»

ተናደድኩ። አንድ ሰው እስኪወጣ አሥር ደቂቃ ዝናብ ላይ ቆምኩ፤ እሳቸውም አብረውኝ ቆሙ። የተናገሩት ነገር የሶፍትዌሩ ሕግ ቃል በቃል መሆኑ የገባኝ ከሰዓት በኋላ ነው። ማን መሆንህን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ዛሬ፣ በዚህች ሰዓት፣ መግባት የሚገባህ መሆንህን ማወቅ ሌላ ነው። እኛ ደግሞ ቀኑን ሙሉ «ሲስተሙ ተበላሸ» ስንል ዋልን። ሲስተሙ አልተበላሸም። ሰዓቱን ያበላሸነው እኛ ነን፤ እሱ ሥራውን ሠራ።

ከውሻው ወደ አምላኩ

ታዲያ ይህ ስም ሰርቨራችን ውስጥ እንዴት ገባ? ታሪኩ የሚጀምረው አሜሪካ ውስጥ በውሻ ነው።

በ1983 ኤምአይቲ ፕሮጀክት አቴና የሚባል ሥራ ጀመረ። ዓላማው ተማሪዎች በግቢው ካሉት በብዙ የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች በየትኛውም ላይ ተቀምጠው እንዲሠሩ ነው። ወዲያው አንድ ችግር መጣ፦ ኔትወርኩ ላይ ማንም ጆሮውን ሊጥል ይችላል፤ ፓስወርድ በመስመሩ ላይ ከተላከ ይሰረቃል። መፍትሔ ብለው የሠሩትን ከርቤሮስ አሉት፤ በግሪክ ተረት የሙታንን ዓለም በር የሚጠብቀው ባለ ሦስት ራስ ውሻ ስም ነው።

አሠራሩን በቀላሉ ላስረዳችሁ። ሦስት ወገኖች አሉ፦ አንተ፣ ልትጠቀምበት የፈለግከው አገልግሎት፣ ሁለታችሁም የምታምኑት አንድ ማእከል። ፓስወርድህን ማወቅህን ለማእከሉ አንድ ጊዜ ታረጋግጣለህ፤ ፓስወርዱ ራሱ በመስመሩ ላይ አይሄድም። ማእከሉ ትኬት ይሰጥሃል። ከዚያ በኋላ በየበሩ የምታሳየው ትኬቱን ነው። ትኬቱ ዕድሜ አለው፤ በብዙ ቦታ አሥር ሰዓት ገደማ። ከትኬቱ ጋር ደግሞ «ይህን አሁን የላክሁት እኔ ነኝ» የሚል የሰዓት ማህተም ትልካለህ። ሌባ ያን መልእክት ሰርቆ በኋላ ቢያመጣው ሰዓቱ ስላለፈ አይሠራም። የእኛ ባልደረባ የነካት ነገር ይህች ናት፤ ሰዓት በከርቤሮስ ዘንድ ግማሽ ፓስወርድ ነች።

ከርቤሮስ በ1980ዎቹ መጨረሻ ለሕዝብ ተለቀቀ፤ ምንጭ ኮዱ ክፍት ነው። ግን በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ሕግ ኢንክሪፕሽን፣ ማለትም መልእክትን በምስጢር የመቆለፍ ሒሳብ፣ ከጦር መሣሪያ ጋር ተመዝግቦ ነበር። ከታንክና ከሚሳይል ጋር በአንድ መዝገብ! ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ አገር መላክ ክልክል ነው። ከርቤሮስ ያለ ኢንክሪፕሽን ደግሞ ምንም አይደለም።

ኤምአይቲ ምን አደረገ? የኢንክሪፕሽኑን ክፍልና እሱን የሚጠሩትን መስመሮች ሁሉ ከኮዱ ቆርጦ አወጣና የቀረውን ወደ ውጭ ለቀቀ። ስሙንም «አጥንት» አሉት። ሥጋው ተገፎ የቀረው የውሻው አጥንት ማለት ነው። የተቀረው ዓለም ድርሻው አጥንት ሆነ።

ከዚያ የሆነው ነገር ነው ልቤን የነካው። አውስትራሊያ ውስጥ ኤሪክ ያንግ የሚባል ፕሮግራመር የጎደለውን ኢንክሪፕሽን ራሱ ጽፎ አጥንቱ ላይ ሥጋ መለሰበት። ስዊድን ውስጥ በስቶክሆልም የሚገኘው የንጉሣዊ የቴክኖሎጂ ተቋም ሰዎችም የራሳቸውን የከርቤሮስ ሥራ ያዙ። በ1990ዎቹ መጨረሻ አዲሱን የከርቤሮስ ስሪት፣ አምስተኛውን፣ ከዜሮ ጀምረው ከአሜሪካ ውጭ ጻፉት፤ የአሜሪካ የኤክስፖርት ሕግ እንዳይደርስበት ሆን ተብሎ። ስሙን ሄይምዳል አሉት። የግሪኩ ውሻ ድንበር አልሻገር ሲል የራሳቸውን አገር በር ጠባቂ አስነሱ። አሜሪካ ሕጉን በ2000 መጀመሪያ በእጅጉ አላላችው፤ ሄይምዳል ግን በዚያን ጊዜ በሁለት እግሩ ቆሟል። በኋላ አፕል በ2011 በወጣው የማክ ስርዓቱ ላይ ከኤምአይቲው ከርቤሮስ ወደ ሄይምዳል ተሻገረ። እኛ ቅርንጫፍ ውስጥ ያለው ሳምባ የሚባለው ነጻ ሶፍትዌርም ሄይምዳልን በሆዱ ይዞ ነው የሚመጣው። ያቺ ያየኋት ፎልደር እሷ ናት።

«ይህ አገልግሎት ባሉበት አገር አይሰጥም» የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ያላየ የእኛ አገር ዴቨሎፐር ካለ ይንገረኝ። ካርድህ አይሠራም፣ ስልክ ቁጥርህ አይታወቅም፣ አገርህ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። እኔ ይህን ጽሑፍ ያየሁባት የመጀመሪያዋን ቀን እስካሁን አስታውሳታለሁ፤ ገና ተማሪ ነበርኩ፤ ያጠፋሁት ነገር ያለ ይመስል አፈርኩ። ስለዚህ የአጥንቱን ታሪክ ሳነብ እንደ ሩቅ ታሪክ አላነበብኩትም። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ትንሽ ቅርንጫፍ ፈቃድ ሳይጠይቅ የሚጠቀምበት ዘበኛ የተወለደው፣ በር የተዘጋባቸው ሰዎች ቁጭ ብለው የራሳቸውን በር ስለሠሩ ነው።

ስሙ የማን ነው?

ግን ስም የጥሩ ሰዎች ብቻ ንብረት አይደለም። በ1896 በጀርመን «ሄይምዳል» የሚል መጽሔት ተመሠረተ። «ንጹሕ ጀርመናዊነትን» እሰብካለሁ የሚል፣ ጀርመንን ከባዕድ ደም፣ ከሁሉ በፊት ከአይሁድ፣ እናጽዳ የሚሉ ሰዎች መድረክ ነበር። ዘበኛውን ለምን እንደመረጡት መገመት አይከብድም፦ ለእነሱ በሩ ዘር ነው፤ ዘበኛው ደግሞ የዘር ጠባቂ።

ከመቶ ዓመት በኋላ ያው ነገር በሌላ መልክ ተመለሰ። ማርቭል «ቶር» የተባለውን ፊልም በ2011 ሲያወጣ ሄይምዳልን የሚጫወተው ኢድሪስ ኤልባ መሆኑ ታወቀ፤ ለንደን ተወልዶ ያደገ፣ አባቱ ከሴራሊዮን፣ እናቱ ከጋና። ገና ፊልሙ ሳይወጣ የነጭ የበላይነትን የሚያራምድ አንድ የአሜሪካ ቡድን ሰዎች ፊልሙን እንዳያዩ ቀሰቀሰ። ክርክራቸው ብራናው ላይ የሚደገፍ ይመስላል። ስኖሪ ሄይምዳልን ሲያስተዋውቅ «ነጩ አምላክ» ይባላል ይላልና።

እሺ፣ ብራናውን እንክፈተው። ስኖሪ ይህን ብሎ ያልፋል፤ ምክንያቱን አይናገርም። ቃሉ በጥንቱ ቋንቋ ነጭም፣ ብሩህም፣ የሚያበራም ይሆናል። ሌላ ግጥም ደግሞ ከአማልክት ሁሉ ነጩ ይለዋል፤ ያ ግጥም ስለ ምን መሰላችሁ? ቶር መዶሻው ተሰርቆበታል፤ ሌባው ግዙፍ የምትመለሰው አንዲት አምላክት በሚስትነት ከተሰጠችኝ ነው ይላል። ሄይምዳል ተነሥቶ ምክር ሰጠ፦ ቶርን ራሱን የሙሽራ ልብስ እናልብሰውና እንላከው! ነጩ አምላክ በግጥሙ ውስጥ ያለው ድርሻ ይህ ነው። የዘር ጥራት ሰባኪ ለማድረግ ብዙ መጣመም ያስፈልጋል።

ከዚህ የሚበልጥም አለ። የኮዴክስ ሬጊየስ የመጀመሪያው ግጥም ሲከፈት፣ የምትናገረው ነቢዪት አድማጮቿን ስትጠራ ታላላቆችንም ታናናሾችንም በአንድ ላይ «የሄይምዳል ልጆች» ትላቸዋለች። ሰው ሁሉ ማለት ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብራና ላይ የተገኘ ሌላ ግጥም ይህን በታሪክ ያስረዳል። አንድ ሪግ የሚባል እንግዳ በባሕር ዳር ሲሄድ ሦስት ቤት ያድራል፤ ከግጥሙ በፊት ያለው መግቢያ ሪግ ሄይምዳል ነው ይለናል። በመጀመሪያው ቤት ቅድመ አያቶች፣ በሁለተኛው አያቶች፣ በሦስተኛው አባትና እናት አሉ። በየቤቱ ሦስት ሌሊት ያድራል፤ ከዘጠኝ ወር በኋላ በየቤቱ ልጅ ይወለዳል። አንዱ ባሪያ፣ አንዱ ገበሬ፣ አንዱ መስፍን። የባሪያው ቆዳ ጠቆር ያለ፣ እጁ የሻከረ፤ የመስፍኑ ፀጉር ወርቃማ።

ይህን ግጥም አላሞግስላችሁም። ሪግ በኋላ ተመልሶ መጥቶ ምስጢራዊ ፊደላትን የሚያስተምረው፣ ስሙንም የሚሰጠው ለመስፍኑ ብቻ ነው። ግጥሙ የጌቶች ግጥም ነው፤ ባሪያ ባሪያ ሆኖ የተፈጠረ ነው ይላል። ግን ይህን ሲል ሳያስበው አንድ ነገር አምኗል፦ የሦስቱም አባት አንድ ነው። የባሪያውም አባት ያ ነጩ አምላክ ነው። የ1896ቱ መጽሔት ሰዎች ዘበኛውን ወሰዱና አባትየውን ተዉት።

ዛሬ የት የት አለ?

ስሙ ዛሬ ያልገባበት የለም። ከጁፒተር ጨረቃዎች አንዷ በሆነችው ካሊስቶ ላይ ሄይምዳል የሚባል ጉድጓድ አለ። በሰሜን ባሕር ኖርዌይ በስሙ የሰየመችው የጋዝ መስክ አለ። ስልክ የሚጠግን ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ጠይቁት፦ ሳምሰንግ ስልክ ሶፍትዌሩን እንደገና ለመጫን፣ እነሱ «ፍላሽ ማድረግ» ለሚሉት፣ ዊንዶውስ ላይ የሚሠራ ኦዲን የሚባል ፕሮግራም አለ። ዊንዶውስ የሌለው ሰውስ? ለሊኑክስና ለማክ ነጻ ፕሮግራም ተሠራለት፤ ስሙ ሄይምዳል። እንደገና ያው ታሪክ፦ የውስጥ ሰዎች መሣሪያ ነበር፣ አንድ ሰው ለውጭዎቹ ሠራው። በ2022 በወጣው «ጎድ ኦፍ ዋር ራግናሮክ» ጌም ላይ ግን ሌላ ሄይምዳል አለ፤ የሰውን ሐሳብ ቀድሞ የሚያነብ፣ ሁሉን የሚንቅ። ይህም ዘመናችንን ይመስላል፤ ሁሉን የሚያይ ዘበኛ ሲባል የጥንት ሰው እፎይ ይል ነበር፣ እኛ ደግሞ ካሜራና ስለላ ትዝ ይለናል።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን የባሕር ጭቃ ነው። በ2008 በግሪንላንድና በኖርዌይ መካከል፣ ከባሕር ወለል ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ፍል ውሃ የሚተፉ ጭስ ማውጫ የሚመስሉ አለቶች ተገኙ፤ «የሎኪ ግንብ» ተባሉ። በአካባቢው ከተወሰደ ደለል ውስጥ ሳይንቲስቶች አንድ የማይታወቅ የደቂቅ ፍጥረት ዘር አገኙና በ2015 በሎኪ ስም ሰየሙት። ዘመዶቹ ሲገኙ ቶር፣ ኦዲን፣ ሄይምዳል የሚል ስም ወጣላቸው፤ የ2017ቱ ጥናት መላውን ቤተሰብ በአማልክቱ ከተማ ስም አስጋርድ አለው። ለምን ይህን እነግራችኋለሁ? የእኛ ሴል ኒውክለስ አለው፤ የጤፍም፣ የእርሾም፣ የበግም አለው። ኒውክለስ ያለው ሕይወት ሁሉ ከየት መጣ የሚለው የባዮሎጂ ትልቅ ጥያቄ ነው። በ2023 የታተመ ጥናት የቅርብ ዘመዳችንን የት አገኘው? በሄይምዳል ስም በተጠራው ወገን ውስጥ።

ስሙን የሰጡት ያንን አስበው አይደለም፤ ዝምድናው ይህን ያህል የጠራው በኋላ ነው። ግን ነቢዪቷ ታላላቆችንም ታናናሾችንም «የሄይምዳል ልጆች» ብላ ከጠራች ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ፣ ሳይንስ ባሪያና መስፍኑን ብቻ ሳይሆን ሣሩንና በጉንም ጨምሮ ዘር ሐረጋችንን ሲቆጥር ያ ስም ደጃፍ ላይ ደረሰ። ሄይምዳል ሲበቅሉ ድምፃቸውን የሚሰማው ሣርና ፀጉር፣ የዘመድ ድምፅ ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ ሁለት ሄይምዳል አለ። አንዱ በር ላይ የቆመው ነው፤ ሁሉም የሚወስደው እሱን ነው፣ ምክንያቱም ሁላችንም የምንፈራው ነገር አለን። ሌላው የሁሉም አባት የሆነው ነው። ብራናው ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ ነው ያስቀመጠው። በር ላይ የቆመው ዘበኛ ከውጭ ያሉትም ልጆቹ ናቸው። እኔ ኮድ የምጽፍ ሰው ነኝ፤ ሥራዬ በር መሥራት ነው ማለት ይቻላል። ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚለውን ሕግ ዘበኛው አይጽፈውም። አጥንቱን የላኩት ሰዎችም፣ ስቶክሆልም ቁጭ ብለው የጻፉትም፣ «አገርህ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም» የሚለውን መስመር የጻፈውም ፕሮግራመሮች ናቸው፤ እንደ እኔ። ከዚያ ሰኞ ወዲህ የመግቢያ ኮድ በጻፍኩ ቁጥር ውጭ የሚቀረው ሰው ማን እንደሆነ አንድ ጊዜ ቆም ብዬ አስባለሁ። ሁልጊዜ መልስ አላገኝም።

ባትሪዋን በማግስቱ ቀየርኳት። ሰርቨሩ ላይም በትልቁ ጽፌ ለጠፍኩ፦ «ሰዓቱን አትንኩ። መንካት ግድ ከሆነ በፈረንጅ ሰዓት!» መታወቂያዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስገባ ጋሼ አዩኝና ሳቁ። ካቦርታቸው ገና አልደረቀም ነበር።